ከ«አያስቅም» ሥር

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

...ያ ከቆሰበር፣ ከዛሬዋ እንጅባራ፣ በአውቶቡስ የሚመጣው ፖስታ፣ ስከፍተው የቀለሙ ሽታ፣ ዛሬም ይናፍቀኛል። በምሠራበት መጽሔት ቤት ካርቱን የምመርጠው እኔ ነበርኩ። ያልወደድኩትን ጀርባው ላይ በቀይ «አያስቅም» ብዬ እመልሰው ነበር። ፖስታውን የሚልኩት ሠዓሊ ጋሽ ታደለ ማን እንደሚጽፈው ሳያውቁ አረጁ።

ዛሬ አድናቂያቸው ነኝ ብዬ ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ። የተመለሱባቸውን ሥዕሎች ከካርቶን አወጡ። በአንዱ ላይ እንደ ሙሽራ ያጌጠ ፈረስ ከባጃጆች መሃል ወረፋ ይዟል፤ ተራ አስከባሪው «ታርጋህስ?» ይለዋል። ሳቄ አመለጠኝ።

«አየሽ፣ ሳቀ!» አሉ ለባለቤታቸው።

«ኧረ እኔ የሳቅኩበትን ያ መጽሔት መች ወዶ ያውቃል!» አሉ ባለቤታቸው።

ጋሽ ታደለ ሥዕሉን ገለበጡት። ከቀዩ ቃሌ ሥር የሳቁ ሰዎች ሁሉ ፈርመዋል፤ ጎረቤቶች፣ አንድ ቄስ፣ አንድ የባጃጅ ሾፌር።

«በል፣ አንተም ‹ያስቃል› ብለህ ፈርም።»

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ልነግራቸው አሰብኩ። ግን በዚያው የእጅ ጽሑፌ «ያስቃል» ብዬ ጻፍኩ።

መነጽራቸውን አደረጉ። ላይኛውን ቃል አዩ፣ የእኔን አዩ፣ እንደገና ላይኛውን አዩ። ሥዕሉን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ።

የጓዳው በር ተዘጋ።