ለጋሽ ይልማ የሚሆን የባሩድ ሚዛን

ፌብሩዋሪ 8፣ እሑድ

ሚዛኑ ዛሬም አልቆም አለ። ክንዱ ከዜሮው በላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ማሞቂያው አየር በነፋ ቁጥር ከአዲስ መጀመር ነው። ጠረጴዛውን ከልብስ ማጠቢያው ጎን ወሰድኩት። ትንሽ ይሻላል። ቤዝመንቱ ከዚህ የተሻለ ጥግ የለውም።

አንተ ማስታወሻ፣ ነገሩን እወቀው። ከምርጫው ወዲህ ሰዉ መሣሪያ ሊከለከል ነው ብሎ ጥይቱን በካርቶን እየጫነ ከየሱቁ ጨረሰው። መደርደሪያው ባዶ ነው። ለኖቬምበር የአጋዘን አደን የሚሆነኝን ባዶ ቀለህ ራሴ ልሙላ አልኩ። ለራስ እስከሆነ ድረስ ሕጉ ይፈቅዳል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ ያለው ባሩዱ ላይ ነው። ከልኩ ቢያንስ ጥይቱ የትም አይደርስም። ከልኩ ቢበልጥ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ይፈነዳል። መካከሉ ጠባብ ነው። ስለዚህ ሚዛን።

ሚዛኑን ስገጥም ጋሽ ይልማ ከላይ ወረደ። (ከዚህ በኋላ ጋ/ይ እለዋለሁ።) የባለቤቴ የሰናይት ታላቅ ወንድም ነው። መርካቶ ቅመም ተራ ዕድሜውን ሙሉ ሚዛን ይዞ የኖረ ሰው። እዚህ ባሕር ማዶ ከመጣ ወዲህ የፓርኪንግ ቤት ትኬት ይቆርጥ ነበር፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ ጊዜ አሰናበቱት። ከዚያ ወዲህ ከመስኮቱ ሥር አይነሳም፣ ፒጃማውን አያወልቅም። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነግሮናል። እየባሰ እንጂ እየተሻለው እንደማይሄድም ነግሮናል።

ዛሬ ግን ሱሪ ለብሶ ወረደ። “ማነው ሚዛን እንዲህ አድርጎ ያስቀመጠ? ነፋስ ላይ?” አለ።

ስንት ወር ሙሉ “እሺ” እና “አልፈልግም” ብቻ ነበር ከአፉ የሚወጣው።

ፌብሩዋሪ 10፣ ማክሰኞ

በረዶ። ሱቄ ያለበት ስኔሊንግ መንገድ ላይ ሰው የለም። ሱቁን ከፍቼ ቆምኩ እንጂ አልሸጥኩም።

እራት ላይ ሰናይት የባሩዱን ምዘና ለወንድሟ እንድሰጠው ጠየቀች። ባሩድ በርበሬ አይደለም አልኳት። ሌላ ምን አለው አለች።  

ሒሳቡ ይሄ ነው፦ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ የደከመ ዓይን፣ ስህተት የማይምር ሥራ። ለማንም ደንበኛ ተው እለው ነበር። ግን ዕቃን ለሰው ማዛመድ ሙያዬ ነው። ለእሱ የሚሆን ሚዛን ካለ አገኘዋለሁ። ያለ አይመስለኝም።

ፌብሩዋሪ 14፣ ቅዳሜ

ጋ/ይን ይዤው መሣሪያ ሱቅ ሄድን። ከሴንት ሉዊስ ፓርክ አለፍ ብሎ ነው። ኮት ለብሶ፣ ተላጭቶ። መንገዱን ሁሉ በመስኮት ሲያይ ነበር።

ሱቁ ገብቶ ሌላ ሰው ሆነ። ሮን የሚባለው ሽማግሌ ሻጭ ዲጂታል ሚዛን አወጣልን። ጋ/ይ ሳህኑን አንስቶ እፍ አለበት። ያንኑ ክብደት ደጋግሞ አስቀመጠ፣ አነሳ። መጀመሪያ ከመሃል፣ ቀጥሎ ከዳር። ከዳር ሲሆን ቁጥሩ ተለወጠ። “ይሄ ሌባ ነው” አለኝ በአማርኛ። ሮን ሰውዬህ ወርቅ ሠሪ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የበርበሬ ነጋዴ ነው አልኩት። “ፔፐር?” አለ ሮን። “የስ። ሆት” አለው ጋ/ይ፣ ፊቱን ሳይፈታ። ሮን ከሳቁ የተነሳ መነጽሩን አወለቀ።

በእጀታ የሚሠራውን መስፈሪያም አየን። ባሩዱን በክብደት ሳይሆን በስፍር ነው የሚሰጠው። የእኔ ባሩድ እንደ ተቆራረጠ ስንደዶ ነው፤ መስፈሪያው ውስጥ ይጋደማል፣ ይቆላለፋል። አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል። ጋ/ይ “በጣሳ ሽንብራ ይሰፈራል። ይሄ አይሰፈርም” አለ። ልክ ነው።

ሌባ ያልሆነ ዲጂታል መረጠ፤ ገዛን። ብንመልሰው እንዲቀበለን ከሮን ጋር ተነጋገርኩ። እንደምንመልሰው እያወቅኩ ነው የገዛሁት።

ፌብሩዋሪ 19፣ ሐሙስ

ዲጂታሉ አልሆነም። ጋ/ይ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፍ ቁጥሩ ይጨፍራል። “ይሄም እንደኔ ነው፤ ሐኪም አሳየው” አለኝ። ሳቅን። ለካ መሳቅ አልረሳም። ወዲያው ደግሞ እጁን ብብቱ ውስጥ ደበቀ።

ፌብሩዋሪ 22፣ እሑድ

ወደ ባለ ክንዱ ሚዛን ተመለስን። ጋ/ይ ራሱ መላ አመጣ። ከኩሽና ምስር በከረጢት አምጥቶ የእጁን አንጓ አሳረፈበት። እጁ ረጋ። ባሩዱን ፍሬ በፍሬ የምታንጠባጥበውን ትንሽ ቧንቧ በሁለት ጣቱ እያሽከረከረ ክንዱን ዜሮ ላይ አቆመው።

እያንዳንዱን ሳህን ካቆመ በኋላ ዞር ይልልኛል፣ አየዋለሁ፣ ልክ ነው። ከዚያ ቀለሁ ላይ በተቀመጠው ፈነል ይገለብጠዋል፤ እኔ ወደ ራሴ ሥራ እዞራለሁ። አንዱንም ሳህን ሳላይ አላለፍኩም።

ነገ ሁዳዴ ይገባል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜን ልሥራ፣ ረሃቡን ያስረሳኛል ይላል። ሰናይት ደረጃው ላይ ቆማ ሰማችው። አለቀሰች። ዝም በይ አልኳት። ሥራው እንደሚሆንለት እኔ ገና አላመንኩም።

ፌብሩዋሪ 28፣ ቅዳሜ

ተኩስ ሜዳ። የጋ/ይን ጥይት አንድ ብቻ ተኮስኩ። ትከሻዬን የመታኝ ሌላ ዓይነት ምት ነው። የጠመንጃው መዝጊያ አልከፈት አለ። እንደ ምንም ሳስለቅቀው ከቀለሁ ኋላ ያለችው ትንሽ ቆርቆሮ ተደፍጥጣለች። ይሄ ባሩዱ ከልኩ በልጧል ማለት ነው። ሁለተኛ አልተኮስኩም። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። 

ቤት ገብቼ የቀሩትን አንድ በአንድ ፈታሁ። ባሩዱን መዘንኩ። ሁሉም ከልክ በላይ። እጁ ነው እንዳልል፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ አንዱን ያጎድላል፣ አንዱን ያተርፋል። ይሄ አንድም አላጎደለም። ያደረገው የእጁ መንቀጥቀጥ አይደለም።

ታዲያ ሳህኑን ሁሉ አይቻለሁ። አልገባኝም።

ማርች 1፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጠየቅኩት። ቤዝመንት አውርጄ፣ በቀስታ። ሳህኑን ከገለበጥክ በኋላ የምታደርገው ነገር አለ ወይ አልኩት።

አለ አለኝ። ምንም ሳያፍር። ገልብጦ ሲያበቃ ባሩዱ ካለበት ጎድጓዳ ሳህን በጣቱ ቆንጠር አድርጎ ቀለሁ ውስጥ ይጨምራል። ምርቃት። መርካቶ ለሚገዛው ሁሉ ከሚዛን በላይ ቆንጥሮ ሳይመርቅ ሸጦ አያውቅም። “ለባዕድ እየመረቅኩ ኖሬ ለእህቴ ባል ልክክ አድርጌ ልመዝን? ሚዛን እኩል ሲቆም እኮ ስስት ነው።”

የተኮስኩትን ቀለህ አሳየሁት። ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ነገርኩት። ቆርቆሮዋን በጥፍሩ ዳበሳት። “ዓይንህን?” አለ። አዎ ጋሼ፣ ዓይኔን። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ሁለተኛ አይለምደኝም አለ፤ በእናቱ ማለ።

ማርች 3፣ ማክሰኞ

አጠገቡ ተቀምጬ አሠራሁት። ሳህኑን አቆመ፣ አሳየኝ፣ ገለበጠ። ጣቶቹ ሄደው ቆነጠሩ። ያዝኩት። እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው። እንደገና ልሞክር አለ። እንደገና ቆነጠረ። ጎድጓዳውን ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ፤ ተንጠራርቶ ቆነጠረ። እያወራ ከሆነ መቆንጠሩን ጭራሽ አያውቀውም።

ሲንቀጠቀጥ የሚውለው እጅ ለምርቃቱ ጊዜ ቀጥ ይላል። አንዲት ፍሬ አያፈስስም።

ማርች 7፣ ቅዳሜ

የቀረው ራሱ መዝኖ የሚያወርደው አውቶማቲክ ሚዛን ነበር። ሮን ሞክረህ መልስልኝ ብሎ ሰጠኝ። ባሩዱ ከላይ ይገባና ይከደናል። ቁጥሩን ትነግረዋለህ። እያጉረመረመ ያወርዳል፣ ሲጠጋ ቀስ ይላል፣ ልኩ ላይ ያቆማል። ምስር አይፈልግ፣ ዓይን አይፈልግ። ቆንጥር ቢሉትም የሚቆነጠርበት የለም። እንደ ዕቃ እንከን አላገኘሁበትም።

ጋ/ይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተመለከተው። እኔስ ምን ልሥራ አለ። ሳህኑን አንስተህ ገልብጥ አልኩት። ገለበጠ። ደግሞ አንድ። ጣቶቹ ክዳኑን ነኩና ተመለሱ። ልጄ ሜሮን ወርዳ አየችና “ዳድ፣ ኢትስ ላይክ ኤ ሮቦት” አለች፣ እንደ ሮቦት ነው ማለቷ ነው። ምን አለች አለኝ። ጎበዝ ነው አለች አልኩት።

“ይሄ ዕቃ ሰው አይፈልግም” አለ። ዕቃውን እንጂ እኔን አላማም። ኮቱን ከወንበሩ አንስቶ ደረጃውን ወጣ።

ነገሩ ይሄው ነው። እሱ ያለበት ሚዛን ይገድለኛል። የማይገድለኝ ሚዛን እሱን አያስገባም። ሦስተኛ ዓይነት አይሸጥም። ጠይቄአለሁ።

ማርች 12፣ ሐሙስ

ፒጃማ። መስኮት። ሰናይት የምግቡን ሳህን እንደሰጠችው መልሳ አነሳችው።

ሥራውን ተው ልለው አልቻልኩም። ስለዚህ ከሥራ ስመለስ አጠገቡ ተቀምጬ ባሩድ ከገበያ ጠፋ፣ ሮንም ዘንድ የለም፣ ሥራው መቆሙ ነው አልኩት። ዘንድሮ ማንም የሚያምነው ነገር ነው።

ጋ/ይ ከመስኮቱ ዞረ። “ቅመም ተራ ሳለሁ ኮረሪማውን ከመደቡ ሥር ሸሽጌ አልቋል የምለው ለማን እንደነበር ታውቃለህ?” አለኝ። ለማትወደው ሰው አልኩ።

“ለማልወደውማ አስወድድበታለሁ” አለ። “አልቋል የምለው እምቢ ለማልለው ዘመድ ነበር።”

ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ፣ እንደ ልጅ። ወደ መስኮቱ ዞረ።  

ያልኩት እውነት እንዲሆን ቅዳሜ ሁሉንም ለሮን አስረክባለሁ። አውቶማቲኩን። ባሩዱን። ባለ ክንዱን ሚዛንም።