ባንዱን ያቋቋመችው እናትሽ ናት

ልጄ ናዝሬት፣ ለንደንን የሰላም አገር ያድርግልሽ፤ ደጅሽን መድኃኔዓለም ይጠብቅ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሊያንድሮ ይዘንባል፤ አንቺም ካፖርትሽን እንዳትረሺ።

አጎትሽ ሰረቀብርሃን አቃጥሎኛል። ለቅዳሜው የሳን ሆዜ ዳንስ የባንዳችንን ታሪክ አሳትሞ በትኗል። መሥራች እሱ፣ አኮርዲዮን ተጫዋች እኔ፤ የእናትሽ የየሺሃረግ ስም የለም! ኦክላንድ ላይ ባንዱን ያቋቋመችው፣ እኛን ሁለት ደንቆሮ ወንድማማቾች በተረከዟ እየመታች የቫልስ ዳንስ ምት ያስቆጠረችን እሷ አይደለችም ወይ? ስደውልለት «ጋሼ፣ እሷ እኮ ዘፋኝ ብቻ ነበረች» አለኝ። ሞታለች፣ አትመልስለትም።

ቅዳሜ ሄጄ እጫወታለሁ። ጥንዶቹ በቫልሱ መዞር ሲጀምሩ አኮርዲዮኔን እዘጋለሁ። በእሱ ድራም ብቻ ማን ቫልስ ይደንሳል? ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያፈጥበት፣ ባንዱን ማን እንዳቋቋመ በማይክ ይናገር። ካልተናገረ አልከፍተውም። ወንድምህ ነው እንዳትይኝ።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፣ የኔ ልጅ። ወጣቶቹ አማርኛ አያነቡም፣ እኔ ደግሞ የፈረንጅ ፊደል አይሆንልኝም። የእናትሽን ስም በእንግሊዝኛ በትልቁ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ፕሪንት አስደርጌ አኮርዲዮኑ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ስምሽን ከሚፍቅ ዘመድ ይሰውርሽ።

አባትሽ ጥሩነህ