ለጨብራራ ፀጉርሽ የሚሆን ነፋስ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ምግብ ይወርድልሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል ወይስ አሁንም ስትገላበጪ ነው የሚነጋው? እማዬን ወገቧ ተሻላት? ልጅሽ ያን የሚነቃነቅ ጥርሷን ነቀለች? ባለቤትሽንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ፤ ጣቶቼ ከሳሙናው ብዛት ከመሸብሸባቸው በቀር ምንም አልሆንኩም። ናፍቆትሽን ግን አልጽፈውም፤ እሱን ከጀመርኩ ወረቀቱ አይበቃኝም።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ፀጉርሽ ተመልሶ መብቀሉን ሳነብ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። የካንሰሩ መድኃኒት ያን ዞማ ፀጉርሽን ሙልጭ አድርጎ ሲወስደው አንቺ አላለቀስሽም፤ እዚህ ሆኜ ያለቀስኩልሽ እኔ ነኝ። አሁን የበቀለው ግን እንደኔው ጨብራራ ሆኖ፣ ሲያበጥሩት እየቆመ እንዳስቸገረሽ ስትጽፊ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ልጅ ሆነን «ጨብራሬ» እያልሽ ስትጠሪኝ ፈጣሪ ቁጭ ብሎ ይሰማሽ ኖሯል! እንግዲህ እንኳን ወደ እኛ ወገን በደህና መጣሽ።

ከደብዳቤው ጠርዝ ላይ በትንንሽ ፊደል የጻፍሻትን ጥያቄም አይቻታለሁ። ያ ውድ ነው የሚባለው የፀጉር ማድረቂያ እውነት ለእንዲህ ዓይነቱ ፀጉር ይረዳ እንደሆነ፣ ገንዘብ የሚያወጡበት ነገርም እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ትምህርት ሲከፈት ሻሽሽን አውልቀሽ ተማሪዎችሽ ፊት መቆም እንደምትፈልጊም ጽፈሻል። እኔም ሳምንቱን ሙሉ ሥራዬ ይኸው ሆነ።

ከምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ማድረቂያው የሚሸጥበት ሱቅ አለ። በመስታወቱ በኩል ሲያዩት እንደ ወርቅ፣ ጨርቅ ላይ ብቻውን ተጋድሟል። ዋጋውን አልነግርሽም፤ ብነግርሽ አልቀበልም ትያለሽ። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሥራ ቤት ገንዳ ላይ ፀጉሬን ዘፍዝፌ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ውሃ እያንጠባጠብኩ ገባሁ። ሻጯ ደግ ሴት ናት፤ ሳትገላምጠኝ ወንበር ሰጥታ ከቀኝ በኩል ጀመረችልኝ።

እታለም፣ ነፋሱን እንዴት ብዬ ልንገርሽ? አያቃጥልም፣ አይጮህም። ከሩቅ እንደሚሰማ ወራጅ ውሃ ነው ድምፁ። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ያ የጓሮ ደረጃችን መጣብኝ። ቅዳሜ ታጥበን ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተን ስንቀመጥ፣ ጥላው ሲደርስብን አንድ ደረጃ ከፍ፣ አሁንም አንድ ደረጃ ከፍ እያልን ፀሐይቱን እስከ ላይ ስንከተላት ትዝ ይልሻል? ራሴን ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ፣ ጆሮዬ ውስጥ የቀረውን ውሃ እፍ ትይልኝ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ያ እፍታ ተሰማኝ። ተኝቼ ይሁን ነቅቼ እስካሁን አላውቀውም። አንድ ቃል ብናገር የምትሄጂብኝ መሰለኝ።

ዓይኔን ስገልጥ የምሳ ሰዓቴ አልቋል፤ የደረቀው ደግሞ ቀኙ ብቻ ነው! እንዲያው በግማሽ ራሴ ሮጬ ሥራ ገባሁ። ቀኙ ትከሻዬ ላይ ለስለስ ብሎ ተኝቷል፤ ግራው እንደለመደው ቆሟል። ካውያ ላይ የምትሠራው ባልደረባዬ «አንዷን ልከን ሁለት ሆናችሁ መጣችሁ?» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ምን ዋጋ አለው፣ የእኛ ቤት እንፋሎት ለማንም አያዳላም። አንሶላ ሳጥፍ ቆይቼ ማምሻውን መስታወት ባይ ቀኙም ግራውም እኩል ተንጨባሯል።

በማግስቱ ከክፍሌ ሥር የምትሠራዋን ፀጉር ሠሪ አማከርኳት። እሷ እንኳ ዕቃ የማስገዛት ጥቅም የላትም፤ እውነቱን ነገረችኝ። ቶሎ ያደርቃል፣ ሙቀቱ ልከኛ ስለሆነ ፀጉር አያሳርርም፣ ይህ ሐሰት የለውም። ጨብራራ ፀጉርን የሚያስተኛው ግን ማድረቂያው ሳይሆን ከማድረቂያው በፊት የሚደረገው ነው አለች። በፎጣ መፈተግ የለም፤ ጫን ጫን እያሉ ውሃውን ማስመጠጥ ነው። ከዚያ ገና እርጥብ ሳለ የፀጉር ቅባት ከሥር እስከ ጫፍ ማዳረስ፣ ከፋፍሎ ቀስ ብሎ ማድረቅ። ይህን ዘሎ ነፋስ መልቀቅ «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ነው አለችኝ። ያን አሮጌ ማድረቂያዋን አውጥታ እንደዚያው አድርጋ ሠራችኝ። እውነቷን ነው፣ ከሱቁ የሚለየው በጥቂቱ ነው።

እናም ቅዳሜ ከሥራ እንደወጣሁ ወረቀት አወጣሁና «እታለም፣ አያዋጣም፤ በርካሹ ይበቃሻል» ብዬ ጻፍኩልሽ። ከዚያ ብዕሬ ቆመ።

ዓመቱን ሙሉ ምን ልላክልሽ ባልኩ ቁጥር መልስሽ «ምንም» ነበር። የላክሁልሽን ጫማ ሳትለኪው ለጎረቤት ሰጠሽ። ካፖርቱን ልጅሽ ስታድግ ይሆናታል ብለሽ ሣጥን ውስጥ ከተትሽ። ምን ማለትሽ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። አልጠየቅሁሽም፤ መልሱን ፈርቼ ነው። አሁን ግን ራስሽ ዕቃ ጠየቅሽ። ለዛሬና ለነገ ብቻ ነው የምኖረው የሚል ሰው ስለ ፀጉር ማድረቂያ አይጠይቅም። ይህ ሲገባኝ ብዙ አለቀስኩ፣ የደስታም ነው። የጻፍኩትን ቀድጄ ሱቁ ሳይዘጋ ሮጥኩ። ለፀጉር ሲባል አያዋጣም፣ እሱ ላይ አቋሜን አልለወጥኩም። ግን ገዛሁልሽ።

ረቡዕ ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ይዞልሽ ይመጣል። የራስ ቆዳሽ ገና ስስ ነው፤ ሙቀቱን ዝቅተኛው ላይ አድርጊው፣ ከራስሽም አንድ ክንድ አርቂው። ቅባቱንም እንዳትረሺ፣ ያለበለዚያ ለከንቱ ነው የደከምኩት።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ዋጋውን ከጠየቀችሽ የስጦታ ዋጋ አይጠየቅም ብለሽ አሳልፊው፤ ካወቀች ለኔ ጸሎት ሳይሆን ሐኪም ነው የምትፈልግልኝ። ለልጅሽ፣ የነቀለችውን ጥርስ በወረቀት ጠቅልላ ለአክስቷ እንድታስቀምጥልኝ ንገሪያት። እሷም እንደኛው ጨብራራ ናትና ማድረቂያውን በየተራ ተጠቀሙበት።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬ ይድረሰው። የሶኬቱ እግር ከእናንተ ጋር ካልገጠመ እሱን ይቀይር፣ ዕቃውን ግን እንዳይፈታው! እሱ ፈትቶ በገጠመው ነገር ሁሉ ሁለት ብሎን ይተርፋል። ዕቃው የአምስት ዓመት ዋስትና አለው። ሻጯ በማን ስም ላድርገው ስትለኝ፣ ስምሽን ከነአባትሽ ከነአያትሽ አስጻፍኩ። ቢበላሽ ሌላ ሰው ይዞት ቢመጣ እንደማይቀበሉ፣ የዕቃው ባለቤት ራሷ ወረቀቱን ይዛ መቅረብ እንዳለባት ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ። እኔም ከትናንት ጀምሮ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ እንዲበላሽ እየጸለይኩ ነው። ያን ጊዜ ይዘሽው ትመጫለሽ፤ ሱቁ ድረስ አብሬሽ እሄዳለሁ።

ታናሽሽ ጨብራሬ
ከፀጉር ሠሪዋ በላይ ካለችው ክፍሌ፣ መስኮቱ ሥር
እሁድ ረፋድ፣ ነሐሴ 11 ቀን