ከሰኔው እትም የቀረው ጽሑፍ

መጋቢት 5
ጭሮ ዛሬ አቧራ ብቻ። ጠዋት አንደኛ ዓመቶችን አስተማርኩ። ከሰዓት ወደ መጽሔታችን ቢሮ… ቢሮ ይባል እንጂ ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ለሰኔው እትም የመጡትን ጽሑፎች ሳርም ዋና አዘጋጃችን፣ የድሮ አስተማሪዬ ዶክተር እንዳሻው ገቡ። "ፈርዶሳ፣ ምሳ በላሽ?" አሉ። በልቻለሁ አልኩ። ባለቤታቸው እትዬ የሺሐረግ የላኩትን ሳምቡሳ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ። እንዳልበላሁ በምን ያውቃሉ?

መጋቢት 9
ራት ላይ አክረም "ቆይ፣ ይሄ የምትጨነቁበት ነገር ምንድነው?" አለኝ። ባል ሆኖ እስከዛሬ አለመጠየቁ… ነገርኩት። የጤና ጥናት እናትማለን። ግን በዓለም አቀፉ የመረጃ ቋት ካልተመዘገብን ሌላ አገር ያለ ሐኪም ፈልጎ አያገኘንም። አዲስ አበባ ያለውም አያገኘንም። እዚሁ ታትመን እዚሁ እንቀራለን። ጥሩ ጥናት ያላቸውም "እናንተ ጋ ብናሳትም ማን ያየናል?" እያሉ ወደ ሌላ ይልካሉ።
"ታዲያ ለምን አይመዘግቧችሁም?"
ከሦስት ዓመት በፊት አመልክተን መለሱን። እትሞቻችሁ ይዘገያሉ፣ ደግሞ ግማሹን የምትጽፉት እናንተው አዘጋጆቹ ናችሁ አሉ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም እትም አላዘገየንም። የአዘጋጆች ጽሑፍም ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ ዶክተር ደንብ አወጡ። በሰኔ እንደገና እናመለክታለን። ዶክተር በመስከረም ጡረታ ይወጣሉ። ሳይወጡ ቢሰሙት…

ሚያዝያ 2
ደመርኩ። ደገምኩ። ያው ነው። ካለፉት እትሞች ጋር ሲደመር የአዘጋጆች ጽሑፍ ደንቡ ካስቀመጠው ገደብ ያልፋል። የሚያሳልፈው አንድ ጽሑፍ ነው። የዶክተር! ቦርደዴ አካባቢ እባብ የነደፋቸው ሰዎች ለምን ዘግይተው ሕክምና እንደሚያገኙ ያጠኑት። ስንት ዓመት የለፉበት…
ማን ይነግራቸዋል? እኔው ነኛ።
አክረም "ማል ታቴ? ምን ሆነሻል?" አለኝ። "ሆማ ሚቲ" አልኩት። ምንም አይደለም… ነው እንጂ።

ሚያዝያ 4
ነገርኳቸው። ገጾቹን የሚያቀናጅልን አብዱናስርም እዚያው ነበር። ዶክተር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።
አብዱናስር ቀደመ። "ስምዎን እናውጣና በጂብሪል ስም ብቻ ይታተም። ማን ያውቃል?" አለ። ጂብሪል ጥናቱን አብሯቸው የሠራ ተማሪያቸው ነው።
"እኔ አውቃለሁ" አሉ ዶክተር፣ ቀስ ብለው። "ጂብሪልም ያውቃል። ከእኔ የሚማረው ይህን ይሁን?"
ቦርሳቸውን ረስተው ወጡ።

ሚያዝያ 5
አልመጡም። ስልክ አያነሱም። ተቀይመውኝ ይሆን? ከእናቴ ቀጥሎ የምፈራው እሳቸውን ነው… የምወደውም። ዝም ብልስ ኖሮ?

ሚያዝያ 6
ቦርሳቸውን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እትዬ የሺሐረግ ናቸው። "ጉንፋን ይዞት ነው። ስልኩን የደበቅኩት እኔ ነኝ" አሉ። ጉንፋን ብቻ? ዶክተር ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል።
"ካስቀየምኩዎት ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።
"ከፍቶኛል" አሉ። "ባንቺ አይደለም። ከመውጣቴ በፊት ታትሞ ላየው ፈልጌ ነበር።" ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉ። "ደንቡን ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ። ለሌላ ሰው ብቻ አላወጣሁትም። ተይው፣ ይቅር።"
እትዬ የሺሐረግ ሁለታችንንም አስቀምጠው ሾርባ አጠጡን። ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ሹፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰልኝ።

ሰኔ 29
እትሙ በቀኑ ወጣ። ማመልከቻውም ገባ። በዶክተር ጽሑፍ ቦታ ኑሃሚን የምትባል የበደሳ ነርስ የላከችው ጥናት ገብቷል። የመጀመሪያዋ ነው። ሲታተም ደውላ "በእውነት የኔ ነው?" አለችኝ።

መስከረም 20
ዶክተር ወጡ። ዋና አዘጋጅነቱ ለእኔ ሆነ። ወንበራቸው ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። የራሴን ጎትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ኅዳር 14
መልስ መጣ። ተመዝግበናል።
አብዱናስር ቶሎ ብሎ መረጃ ቋቱ ውስጥ ፈለገ። የኑሃሚን ጽሑፍ ወጣ። በደሳ… ከነስሟ። ዶክተር ጋ ደወልኩ። "አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ" አሉኝ፣ ክርስቲያኑ ሰውዬ። "አልሐምዱሊላህ" አልኩ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ እሳቸው።

ታኅሣሥ 8
የእባቡ ጥናት መጣ። ዶክተር እንደ ማንኛውም ሰው፣ በኢሜይል ላኩት። አሁን አዘጋጅ ስላልሆኑ ደንቡ አይከለክላቸውም። ማን እንደጻፈው እንዳይታወቅ ስማቸውን ከጽሑፉ አውጥቼ ለሁለት ገምጋሚዎች ላክሁ። አንዱ ጎንደር፣ አንዷ ናይሮቢ። ድሮ ብንለምናት መች ትመልስልን ነበር?

ጥር 25
ገምጋሚዎቹ መለሱ። "የጠየቃችሁት ጤና ጣቢያ የደረሱትን ብቻ ነው። ጭራሽ ያልደረሱትስ?" ይላሉ። ለአስተማሪዬ ይህን እኔ ልላክ? ላክሁ። አንድም ቃል አላለሰለስኩም። ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሳይ ዋልኩ። ደወሉ በመጨረሻ።
"ልክ ናቸው፣ ፈርዶሳ። ይህን ሁሉ ዓመት አላየሁትም።"
ድምፃቸው የደስታ ይመስላል… ነው?

የካቲት 11
ዶክተር ዛሬ ከጂብሪል ጋር ወደ ቦርደዴ ወረዱ። ቤት ለቤት ሊጠይቁ፣ ጤና ጣቢያ ያልደረሱትን ሰዎች ቤተሰብ። መናኸሪያ ሸኘኋቸው። እትዬ የሺሐረግ "በዚህ ዕድሜው፣ በዚያ ሙቀት" እያሉ ይቆጣሉ፤ እየተቆጡ የዶክተርን የደም ግፊት መድኃኒት አወሳሰድ ለጂብሪል ያስረዱታል። አብሬ መሄድ እንዴት እንዳማረኝ… አልችልም። ጽሑፉ ለውሳኔ እኔ ጋ ነው የሚመለሰው። ብርቱካን ገዝቼ ሰጠኋቸው። ስለ ጥናቱ አንድ ቃል አላነሳንም።
ሚኒባሱ ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮት ብቅ አሉ።
"ከዘገየሁ እትሙን እንዳታቆዪልኝ።"
"አላቆይልዎትም፣ ዶክተር" አልኩ።
በጣም ሳቁ። እኔም።