የዘሃራ እናት፦ የወይዘሮ ፈለቀች እሸቴ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ፈለቀች ከአባታቸው ከአቶ እሸቴ ወልደሰማያትና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻሽወርቅ ተክሌ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ አጠገብ በ1928 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አላገኙም። ፊደል የቆጠሩት ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ብዙም ሳይቆዩ የአስተማሪዋን ግድፈት ማረም እንደ ጀመሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

በ1947 ዓ.ም. ከሾፌሩ ከአቶ ገብረዋሕድ ተስፋይ ጋር ተጋብተው ሃያ ሁለት አካባቢ ጎጆ ወጡ። በልብስ ስፌት ሙያቸው የቦሌን ሴት ሁሉ ሲያለብሱ ኖረዋል። ልክ ሲወስዱ ሆዷን ወደ ውስጥ የምትስብ ካጋጠመቻቸው፣ "ተንፍሺ እመቤት፤ ኋላ የሚጨነቀው ቀሚሱ ነው" ይሉ ነበር።

ልጅ አልወለዱም። ይህን በሹክሹክታ ሲያወሩት የኖሩ ስላሉ፣ እዚህ ጮክ ተብሎ ይነበባል።

በየካቲት 1977 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ እህል ጭነው ወሎ የሄዱት አቶ ገብረዋሕድ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ይዘው ተመለሱ። ያገኟት ከኮምቦልቻ ወዲያ ካለ መጠለያ ነው። እናትና አባቷ በረሃቡ አልቀዋል። ልጅቷ ቃል አይወጣትም ነበር፤ አንገቷ ላይ ግን ማተብ አለ። ማተብ ካለ ምን ይጠየቃል? ማንም አልጠየቀም። ዝምታዋን አይተው "ትዕግሥት" ብለው ስም አወጡላት፤ ቀበሌም በዚሁ ስም አስመዘገቧት። ጾም ስለነበር ቤቱ የሚበላው ሽሮና ምስር ነው፤ እሷም አብራ ትበላለች። ወይዘሮ ፈለቀች በደስታ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፍቷቸው ሰነበቱ።

የፋሲካ ዕለት ዘመድ ተሰብስቦ ዶሮ ወጡ ቀረበ። ልጅቷ እጆቿን ወደ ኋላ ደበቀች።

"ዶሮዋን ማን ነው ያረዳት?" አለች።

"እኔ ነኛ! በስመ አብ ብዬ ባረክኋት። ብይ እንጂ!" አሉ አቶ ገብረዋሕድ እየሳቁ።

"እኔ የእስላም ልጅ ነኝ። አልበላም። ግን አትመልሱኝ።"

ሰው ሁሉ በያለበት ደርቆ ቀረ። የጠቀለለው ጉርሻውን እንደያዘ፣ የጎረሰውም እንደጎረሰ። ማተቡን በስደቱ መንገድ አብራት ስትጓዝ የነበረችና ኋላ የሞተች ሴት "እንዳትጠፊብኝ" ብላ እንዳሰረችላት የተናገረችው ያን ዕለት ነው። የወይዘሮ ፈለቀችን ፊት ያየ ሰው ያን ድንጋጤ አይረሳውም። ያስደነገጣቸው ግን የልጅቷ እምነት አልነበረም። ያን ሁሉ ቀን አቅፈው ሲያሳድሯት አንድ ጊዜ እንኳ "አንቺ ማን ነሽ?" ብለው አለመጠየቃቸው ነው።

ከዚያማ ሁሉም አዋቂ ሆነ። የነፍስ አባታቸው "ክርስትና እናንሳትና ነገሩ ይለቅ" አሉ። አጎታቸው አቶ አያሌው "ወደ ወገኖቿ ትመለስ" አሉ። አቶ ገብረዋሕድም ጭንቅ ብሏቸው፣ "እኔ ማተብ አይቼ ነው ያመጣኋት" ቢሉ፣ ባለቤታቸው "ያመጣኸው ማተቡን ነው ወይስ ልጅቷን?" ብለው መለሱላቸው።

ወሬውን የሰሙት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሸምሲያም መጡ። "እትዬ ፈለቀች፣ ለእኔ ይስጡኝ። ለእሷም ለእርስዎም ይቀላል" አሉ። ከልባቸው ነበር። ከሁሉም የከበደው ይህ ነው፤ የተናገሩት እውነት ነበርና።

ወይዘሮ ፈለቀች ልጅቷን ከፊታቸው አስቀመጧት። "ስምሽ ማነው? የት መኖር ትፈልጊያለሽ? እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣም" አሏት። "እሄዳለሁ" ብትል ሊሰጧት ቆርጠዋል።

"ዘሃራ ሰይድ" አለች። ቀጥላም፣ "እዚሁ። ግን ዘሃራ ሆኜ" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታቸው ሁለት ድስትና ሁለት ቢላ ነበረው። የዘሃራን ዶሮ የወይዘሮ ሸምሲያ ባለቤት አቶ አብዱልሐሚድ ያርዱላታል፤ ቁርአን መቅራትም ከልጆቻቸው ጋር ትማራለች። በረመዳን የማፍጠሪያ ሾርባዋን የሚሠሩላት ግን ወይዘሮ ፈለቀች ነበሩ። ስሟም በቀበሌና በትምህርት ቤት ተስተካከለ። ሰው ሲያማቸው፣ "ስሟን እናቷ ሰጥታታለች፤ የቀረው ምሳ ነው፣ እሱን እኔ እሰጣታለሁ" ይሉ ነበር።

ልጅ ወስደው ለማሳደግ ያሰቡ ብዙዎች ሊያማክሯቸው መጥተዋል። "አልጋውም ልብሱም ተዘጋጅቷል" ለሚሏቸው መልሳቸው አንድ ነበር፦ "እሱን ተዉት። ልጁ ዘመድ እንዳለው አጣርታችኋል? ነገ ቢመጡ በር ትከፍታላችሁ? የሚጦረኝ አገኘሁ ብላችሁ ከሆነ ሠራተኛ ቅጠሩ። ከሁሉ በፊት ልጁን ጠይቁት። እኔ ዶሮ ወጥ እስኪቀርብ ጠብቄ ነው የጠየቅሁት።"

ታመው አልተኙም። ትናንት፣ ጥር 17 ቀን 1982 ዓ.ም. ጠዋት፣ "ራሴን" ብለው ከስፌት መኪናቸው ላይ ዘንበል አሉ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርሱም በሃምሳ አራት ዓመታቸው አረፉ። ደም ግፊት ነው ተብሏል። ማለዳ ዘሃራን "ሹሩባሽ ተንጋዷል" ብለው ሲቆጡ የነበሩ ሴት ዛሬ በኡራኤል ቤተ ክርስቲያን የሚቀበሩ መሆናቸው ለማናችንም ገና አልገባንም።

ለቅሶ ቤት ውስጥ "ያሳደጓት ልጅ ተብሎ ይጻፍ" ያሉ ነበሩ። "እንግዲህ ወደ ወይዘሮ ሸምሲያ ትሂድ" ያሉም አልጠፉም። አቶ ገብረዋሕድ ድንኳኑ መሐል ቆመው፣ "ልጄ ናት። ከቤቷ ወጥታ የት ትሄዳለች?" አሉ። ስለዚህ እንዲህ ተጽፏል፦

ወይዘሮ ፈለቀች እሸቴ ባለቤታቸውን አቶ ገብረዋሕድ ተስፋይንና ልጃቸውን ዘሃራ ሰይድን ትተው አልፈዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። እኛ በየጸሎታችን እናስባቸዋለን፤ ዘሃራም ዱዓ ታደርግላቸዋለች። የልጅ ነውና ይደርሳቸዋል።