ባቡሩን ያስቀረው አቤቱታዬ እንዲሻርልኝ

ቀን፦ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአምባ የአጭር ርቀት የተሳፋሪ ባቡር አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. በ263 ሰዎች ፊርማ ያቀረብኩት አቤቱታ ተሽሮ ባቡሩ እንደ ቀድሞው በሐይቅ ፌርማታ እንዲቆም ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

አመልካች ሐቢብ እንድሪስ እባላለሁ። የሐይቅ ከተማ ነዋሪ፣ ከጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል በጡረታ የተገለልኩ፣ የሰፈራችንም ቅሬ (እድር) ጸሐፊ ነኝ። ስሜን ያውቁት ይሆናል፤ ስለ ባቡሩ ያን ረጅም አቤቱታ የጻፍኩት እኔ ነኝና። ሌላው ሰው ያልተሰጠውን ሊጠይቅ ቢሮዎ ይመጣል፤ እኔ የመጣሁት ጠይቄ የተሰጠኝን ልመልስ ነው።

1. ባለቤቴ ረቢያ ኩላሊቶቿ ደክመው ማክሰኞና ዓርብ ኮምቦልቻ እየሄደች እጥበት ታደርግ ነበር። ባቡሩ መስከረም ላይ ሥራ ሲጀምር ለከተማው መልካም ዜና ነበር፤ ለእኛ ቤት ግን ዕድሜ ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከሐይቅ እንነሣለን። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ አቅሟ ስለሚያልቅ በረጅሙ ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ ትጋደማለች፤ ተሳፋሪውም ሳይጠየቅ ቦታውን ይለቅላታል። ዓሣ ነጋዴው ኑርዬ ባዶ ቅርጫቱን አቅፎ እስከ ሐይቅ ቆሞ የመጣበት ቀን ብዙ ነው።

2. ፉርጎዎቹ አሮጌ መሆናቸውን ዛሬም አልክድም። የሁለተኛው ፉርጎ መስኮቶች አይከፈቱም፤ በዚያ ላይ የኑርዬ ዓሣ አለ። ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ያፈሳል። መጸዳጃ ቤቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ትኬት ቆራጩም አያውቅም። ፋብሪካ የምትሠራው ሀኒያ በሩ አጠገብ ያለውን አምፖል እያየች «እሱ የበራ ቀን ሠርጌን እደግሳለሁ» ትል ነበር፤ እስካሁን አላገባችም። ከሁሉም የከፋው ግን መወጣጫው ነው። በሐይቅ የምንሳፈረው ጠጠር ላይ ቆመን ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ደረጃ ለአዋቂ ሰው ከጉልበት በላይ ይሆናል። ስለዚህ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠን እየረገጥን፣ የወጣው የቀረውን በእጁ እየሳበ እንሳፈር ነበር። ታኅሣሥ 11 ቀን ሳጥኑ ተንሸራትቶ ረቢያ ወደቀች፤ ቅልጥሟም ተላጠ።

3. እኔ ሲናደዱ ብዕር ከሚያነሡት ወገን ነኝ። የዚያን ቀን ማታውኑ መጻፍ ጀመርኩ። ረቢያ እግሯን በጨው ውኃ እያጠበች «ተው አንተ ሰው፤ ከነእንከኑም ቢሆን ያደርሰናል፤ አታስቀይመው» አለችኝ። ስለ ባቡር ሳይሆን ስለ አማቿ የምታወራ መስሎኝ ሳቅሁ። ምነው በሰማኋት።

4. ስለ ፊርማዎቹ ማስረዳት የሚገባኝ እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ቅሬ እስላም ክርስቲያን ሳይል አንዱ አንዱን የሚቀብርበት፣ የአንዱ ጉዳት የሁሉ የሚሆንበት ማኅበር ነው። ጸሐፊው «እገሌ ተጎድቷል» ብሎ ወረቀት ይዞ ከመጣ ምን ተጻፈበት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ አለመፈረም ነውር ነው። እኔም አቤቱታዬን እሑድ ቅሬው በተሰበሰበበት አቀረብኩ። ስድስት ዓመት ከአልጋ ያልተነሡት አቶ ታረቀኝ ወረቀቱ ቤታቸው ድረስ ይምጣልኝ ብለው፣ ትራሳቸው ላይ አስደግፈው «የረቢያ እግር ከተላጠማ!» እያሉ ፈረሙ። ባቡሩን ከሩቅ እንጂ ቀርበው የማያውቁት ወይዘሮ ለተብርሃን አሻራቸውን ካኖሩ በኋላ ሁለት ጊዜ ይቻል እንደሆነ ጠይቀውኛል። በዚህ ሁኔታ 263 ሰው ፈረመ፤ እኔም በብዛቱ ኮራሁ። ከእነዚህ ውስጥ ከእኔና ከረቢያ ሌላ በባቡሩ የሚሄዱት አርባ አንድ ብቻ ነበሩ። የቀሩት የፈረሙት ለረቢያ አዝነው ነው። በእናንተ መዝገብ ግን እያንዳንዱ ፊርማ አንድ ተሳፋሪ ሆኖ ተቆጠረ፤ በመሥሪያ ቤት አሠራር ይህ ትክክል ነው። ስሕተቱ የእኔ ነው።

5. ጥር 24 ቀን፣ ቅዳሜ፣ መልስ ደረሰን። ደብዳቤው «የአካባቢው ተጠቃሚዎች በሙሉ ድምፅ እንደገለጹት ተሽከርካሪው ለከብት እንጂ ለሰው የማይሆን ፉርጎ በመሆኑ፣ የሐይቅ ፌርማታ እስከ ተጨማሪ ጥናት ድረስ ተሰርዟል» ይላል። «ለከብት እንጂ ለሰው የማይሆን ፉርጎ» ያልኩት እኔ ነኝ። አምሮልኝ ስለነበር ለቅሬው ሦስት ጊዜ አንብቤላቸዋለሁ። ምን እንደማደርግበት ሳላውቅ ደብዳቤውን ኪሴ ውስጥ ይዤ ሦስት ቀን ዋልኩ። ለረቢያ ሳልነግራት ማክሰኞ ደረሰ፤ ጠዋት ጠጠሩ ላይ ቆመን ባቡሩ ሳይቆም ሲያልፍ ራሷ አየችው።

6. ከዚያ በኋላ በሚኒባስ እስከ ደሴ፣ ከደሴ በሌላ ሚኒባስ ኮምቦልቻ እንወርድ ጀመር። ጠመዝማዛውን መንገድ ያውቁታል። ከእጥበት የወጣ ሰው ጉልበቱን አጥፎ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቆ ያንን ዳገት ሲወጣ ምን እንደሚሆን ግን እኔ አየሁት። ስታስመልስ ሌላው ተሳፋሪ ፊቱን ያዞራል፤ ሾፌሩም ይቸኩላል፤ አልፈርድበትም። እየዋለ ሲያድር «ዛሬስ ልረፍ» ማለት አመጣች። ከአሥራ ሦስት ቀጠሮ ስድስቱ ቀረባት። ባቡሩ ግን በየማለዳው ጡሩምባውን እየነፋ በሰፈራችን ግርጌ ያልፍ ነበር። እሷም ደጃፍ ላይ ተቀምጣ «አለፈ» ትለኛለች። «ብዬህ ነበር እኮ» ብላ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

መጋቢት 9 ቀን፣ ማክሰኞ፣ በረመዳን ወር ወደ አኺራ ሄደች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ባቡሩ ቢቆም ኖሮ ዛሬ በሕይወት ትኖር ነበር ብዬ አልምልም፤ አጀል፣ የሞት ቀን፣ የአላህ ነው። ቢሆንም በገዛ እጄ የጻፍኩት ወረቀት መንገዷን እንደዘጋባት አውቃለሁ፤ ይህንንም ይዤ ነው የማድረው።

7. ስለ ሞተው ብቻ ቢሆን ኖሮ ቢሮዎን ባላደከምኩ ነበር። ሰርካለም የምትባል የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልብስ ሰፊ አለች። እሷም የኩላሊት ታማሚ ናት፤ እሷም ማክሰኞና ዓርብ እጥበት አላት። አምባሰል ካለው መንደሯ ተነሥታ፣ የአራት ዓመት ልጇንና የሲንጀር ስፌት መኪናዋን ይዛ እኛ ሰፈር ቤት የተከራየችው ለዚሁ ባቡር ስትል ነው። ቅሬውም አባል አድርጎ ተቀበላት። በባቡሩ ውስጥ ከረቢያ ጋር ፊት ለፊት ይቀመጡ ነበር፤ በኋላ እናትና ልጅ ሆኑ። ይህች ልጅ በታኅሣሡ አቤቱታ ላይ ፈርማለች። «ጋሽ ሐቢብ፣ እኔስ መወጣጫው አልከበደኝም ነበር፤ ለእትዬ ረቢያ ብዬ ነው» ያለችኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። ፌርማታው ከተሰረዘ ወዲህ ከሠላሳ ቀጠሮ አሥራ አንዱ ቀርቶባታል። ባለፈው ሳምንት ቤቷ ስገባ ፊቷ አብጦ አገኘኋት፤ የረቢያም እንዲሁ ነበር የጀመረው።

8. በዚህ ምክንያት ይህን ማመልከቻ ለቅሬው አላቀረብኩም፤ ባቀርበው ዛሬም ሁሉም ይፈርማል። በባቡሩ ይሄዱ የነበሩትን አርባ አንድ ሰዎች ብቻ፣ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ፣ ለየብቻ ጠይቄ የሰጡኝን አስተያየት እንደ ቃላቸው ጽፌ በስድስት ገጽ አያይዣለሁ። ኑርዬ «ጣሪያው ቢያፈስም ከላይ የሚመጣው የአላህ ውኃ ነው፣ ይምጣልን» ብሏል። ሀኒያ አምፖሉን ይቅር ብላዋለች። ሙዓዝ የተባለው ተማሪ ግን «ባቡሩ ቀርፋፋ ነው፣ እኔ ሚኒባስ ይሻለኛል» ብሏል፤ የእሱንም ሳልቀንስ ጽፌዋለሁ። ባቡሩ ይቁምልን ያሉት አርባ ናቸው።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ. የታኅሣሡ አቤቱታ የእኔ የአንድ ሰው ቁጣ ተደርጎ እንዲታይና እንዲሻር፤

ለ. ባቡሩ በሐይቅ እንደገና እንዲቆም፤ በየቀኑ የማይቻል ከሆነ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ለሦስት ደቂቃ ቢቆም ይበቃናል። አዲስ ፉርጎ አንጠይቅም፤ የቀድሞዎቹ እንዳሉ ይሁኑ። መወጣጫውን በተመለከተ የሰፈራችን አናጢ የማይንሸራተት የእንጨት ደረጃ ሠርቶ ጨርሷል፤ አሁን እኔ ቤት ነው ያለው፤

ሐ. በአቤቱታዬ ቅር የተሰኘ ሠራተኛ ካለ ቅጣቱ በእኔ ላይ እንዲሆን፤ በባቡሩ ዳግመኛ አትሳፈር ብባልም እቀበላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ ቀርቤ ስጠይቅ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በመልካም ትሕትና አዲስ ጥናት እንደሚደረግና ስድስት ወር እንደሚፈጅ ነገረችኝ። ጥናት አያስፈልግም አልልም። ነገር ግን በሰፈራችን ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍሩትን ተረኞች ስም ጽፎ የሚያስጠራው የቅሬው ጸሐፊ ነው። መጋቢት 9 ቀን ጎረቤቶቼ «ዛሬስ ሌላ ሰው ይጻፍ» ብለው ለመኑኝ፤ ተራው የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ለረቢያ የሚቆፍሩትን ስምንት ሰዎች ስም እኔው ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ስምንት ተረኞችም አውቃቸዋለሁ። ክቡር ሆይ፣ የእነሱን ስም ለሰርካለም እንዳልጽፍ ባቡሩን ያቁሙልኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ሐቢብ እንድሪስ
ፊርማ ____________
ሐይቅ