የሰርቨሩ አሻራ

ሐሙስ፣ ጥር 14

ደክሞኛል። ዓለም ጤና ከተማ ያለው የሽንኩርት አምራቾች ማኅበር፣ እኔ የምይዝላቸው የኮምፒውተር ሲስተም መቆሙን ነገሩኝ። እዚህ አዳማ ቤቴ ሆኜ ሰርቨሩ ውስጥ ልገባ ስል ኮምፒውተሬ ከለከለኝ። የሰርቨሩ አሻራ፣ ማለትም ማንነቱ የሚታወቅበት የፊደላት ረድፍ፣ ተቀይሯል፤ መሃል ላይ ሌላ ሰው ገብቶ ሊሆን ይችላል ይላል። ችላ ብሎ መግባት ይቻላል። ግን የገበሬዎቹ ስምና የባንክ ቁጥር ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ቶሎሳ ደወሉ። "እህቴ፣ መኪኖቹ ሽንኩርት ጭነው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። መውጫ ወረቀት ማተም አልቻልንም።"

"ትክክለኛው ሰርቨር መሆኑን ሳላረጋግጥ የይለፍ ቃሌን አላስገባም፣ አቶ ቶሎሳ።"

"ዝም ብለሽ ግቢ በቃ። ሽንኩርቱ ቢበላሽ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።"

ሰርቨሩን አብሮኝ የሚይዘው ገመቹ ነው። ደጋግሜ ብደውል አያነሳም። አንዴማ ልገባ እጄን ኪቦርዱ ላይ አሳርፌ መልሼ አነሳሁት።

ከምሳ በኋላ ራሱ ደወለ። ከኋላው የሴቶች ለቅሶ ይሰማል።

"ትናንት ሰርቨሩን እንደ አዲስ የጫንኩት እኔ ነኝ፣ አሻራው የተቀየረው ለዚያ ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። "ልነግርሽ ስል ከመቂ ተደውሎልኝ መጣሁ። አሻራው ስልኬ ላይ አለ፣ ላንብብልሽ።"

ፊደል በፊደል አነበበልኝ። ኮምፒውተሬ ካሳየኝ ጋር ገጠመ። ገብቼ የቆመውን ፕሮግራም አስነሳሁት፣ መኪኖቹም ሄዱ። አቶ ቶሎሳ "ገለቶሚ" ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑኝ፣ ድምፃቸው ለስልሶ።

ገመቹን ግን "ትክክል ነው፣ ቻው" ብዬ ነው የዘጋሁበት። ማን እንደሞተበት እንኳ አልጠየቅኩትም። አሁን ልደውልለት ስልኬን አንስቻለሁ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ግን አላውቅም።